የተስፋ ዝርያዎች በፎገራ ሜዳ

ተስፋ በፎገራ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚበቅል፣ መስኖ የማይፈልግና እስካሁን ግብር ያልተጣለበት ምርት ነው። መለኪያው ከርሞ ይባላል። አንድ ከርሞ ከዘንድሮው ኪሳራ እስከሚቀጥለው ዘር ያለው ጊዜ ሲሆን፣ «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚለው ምርቃት መለኪያውን በየዓመቱ ያድሰዋል።

ተስፋ መቁረጥን በመለካት ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመው የማሪየንታል ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በተዘጋበት በዚያ የኦስትሪያ መንደር የሥራ አጦቹን እርምጃ ሰዓት ይዘው ለክተዋል፤ ተስፋው የደከመ ሰው አካሄዱም ይደክማል። ዘዴው ግን በሜዳው ከተማ በወረታ ገበያ ላይ አይሠራም። እዚያ እየተንቀራፈፈ የሚሄደው ሽንኩርቱን ያልሸጠው ነው፤ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃልና ተስፋው ሙሉ ነው። የሸጠው ግን ይፈጥናል፤ አበዳሪው መንገድ ላይ እንዳያገኘው።

ዋናው ዝርያ የሽንኩርት ተስፋ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በበጋ ደግሞ ውሃቸው በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት ይጠጣዋል። አምና ሽንኩርት ተወደደ እንበል። አንዱ ገበሬ ይህን አስቦ ማሳውን ሁሉ ሽንኩርት ያደርገዋል። ጎረቤቱም ያስባል፤ የጎረቤቱ አማችም። ሲጠያየቁ ሁሉም ጓያ ሊዘሩ ነው። ምርቱ ሲደርስ ባንድ ሳምንት መንገድ ዳር ይገናኛሉ፣ ዋጋውንም ከደላላው ይሰማሉ። በየቤቱ የግል የነበረው ተስፋ ማኅበራዊ ክስተት የሚሆነው እዚህ ላይ፣ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የተቆጣው ለከርሞ ሽንኩርት ይተዋል፤ ሽንኩርትም ይወደዳል። ከዚህ የተስፋ ጥናት ውጭ የሚቀረው ደላላው ብቻ ነው፤ እሱ ተስፋ አያደርግም፣ ስልክ ይደውላል።

የሩዝ ተስፋ የተረጋጋ ነው። ውሃ ለሚተኛበት ሜዳ የተስማማው ሩዝ «ነጭ ወርቅ» ተብሏል፣ ወረታ ላይም ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ተሠርቶለታል። የተስፋፋው ግን በግጦሹ ላይ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት የላሟን ዝርያ አይጠቅስም። ፎገራ ላይ ጥያቄው የሚነሳ አልነበረም፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ሜዳው ላይ ነበረች። ዛሬ ንጹሕ ዘሯ ብርቅ እየሆነ በመሄዱ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሯን ለማቆየት ያረባታል። አንዳሳ ከባሕር ዳር አልፎ በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሰማይ ጋር ሲነጻጸር ቅርብ ነው።