ሳይክልን ጨንጫ ስለማውጣት፦ አጭር የመስክ ጥናት

ሳይክል በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ በሴቻ፣ ሁለት ጠባይ አለው። ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ሲወርድ ተሽከርካሪ ነው፤ ከሲቀላ ሲመለስ ዕቃ ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ በአንድ አስፋልት ላይ፣ በአንድ ባለቤት እጅ፣ ምሳ ሳይበላ ይፈጸማል። ይህ ጥናት የጉዳዩን ክብደት በማየት ወሰኑን እስከ ጨንጫ አስፍቷል፤ በሴቻ ዳገት የተጀመረ ጠባይ መልኩ በደንብ የሚለየው በጨንጫ መንገድ ላይ ባለችው በዶርዜ ነውና።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ጨንጫ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንጫ 2,700 ሜትርን ታልፋለች። ይህን ያካፈለ ሰው አማካይ ዳገቱ ከመቶ 4 እንኳ እንደማይሞላ ያያል፤ ደስ ብሎትም ሳይክሉን ያነሣል። የተሳሳተው ማካፈሉ ላይ አይደለም። የመንገዱ መጀመሪያ የአባያ ዳር ሜዳ ነው፤ ሙዝ በሙዝ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ ሜዳው ሳያስከፍል ያሳለፈውን ሁሉ ዶርዜ ከነወለዱ ትቀበላለች።

ለንጽጽር ያህል፣ በቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ስሙን ሲሰሙ የሚያማትቡበት የጋሊቢዬ መተላለፊያ ከፍታው 2,642 ሜትር ነው። የዓለም ምርጦች እዚያ ለመድረስ ሐኪም፣ መካኒክና የመኪና ሰልፍ ያስከትላሉ። ጨንጫ ከዚያ በላይ ተቀምጣ አፕል ታመርታለች፤ በገበያ ቀንም ስንት ሰው በእግሩ ይወጣባታል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጋዜጣው ሁሉ ጻፈለት፤ ይገባዋልም። ጀርባዋ ላይ እንጨት አዝላ የዶርዜን ዳገት ለምትወጣ እናት ግን እስካሁን ማልያ ያለበሳት የለም።

የታሪክ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ ጨንጫ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ፋይሉንና ማኅተሙን ጠቅልሎ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፤ ተመልሶም አልወጣም። በአካባቢው ከታወቁት የቁልቁለት ጉዞዎች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። እንግዲህ መንግሥት ያልተወጣውን ዳገት አንድ ጎረምሳ አልተወጣውም ብሎ መሳቅ ተገቢ አይሆንም።

ሳይክል ወደ ላይ የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው መጋለብ ነው። ከመታጠፊያው ጀምሮ ጥቂት ኩርባ ይዘልቃል። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሁለተኛው መግፋት ነው፤ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገፊ ወርዶ ወዲያው አይገፋም። መጀመሪያ ቁጢጥ ብሎ ሰንሰለቱን ይነካካል፣ የኋላ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ጆሮውን ያዘነብላል። ጣቱ ግራሶ እንደነካ ምስክር አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጨንጫ ቢገፋ ማንም አይጠይቀውም። በኩርባዎቹ ላይ ለቱሪስት መኪና እየተገለባበጡ የሚጨፍሩ ልጆች አሉ። መኪና ሲመጣ በእጃቸው ይቆማሉ። ሳይክል ገፊ ሲመጣ ግን ጭፈራውን አቁመው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ የዚያን ሰዓት ትርኢት እሱ መሆኑ ገብቷቸዋል።

አዋቂዎቹ ይበልጥ ጨዋ ናቸው። የዶርዜ ሰው ምስጥ የቀርከሃ ቤቱን እግር ሲበላበት፣ ጎረቤት ጠርቶ ቤቱን ከነቁመቱ በትከሻ አንሥቶ ሌላ ቦታ የሚተክል ሰው ነው። ሳይክል የተሸከመ ወጣት አያስደንቀውም።

«አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» ይላሉ ጋቢ የደረቡ አባት።

«ብዙ ይቀረኛል አባባ?»

«ኧረ እዚህችው ናት!»

ኩርባውን ሲዞር ሌላ አባት ቆመው ያንኑ ይነግሩታል።

ሦስተኛው መጫን ነው። ረዳቱ ሳይክሉን አይሱዙ ላይ አውጥቶ በገመድ ይጠፍረዋል፤ ባለቤቱ ጋቢና ይገባና እስከ ላይ ድረስ ስፖርት ለልብ ያለውን ጥቅም ለሾፌሩ ያስረዳል። ሾፌሩ ማርሽ እየቀነሰ ያዳምጣል። ጥናቱ በሦስቱም መንገዶች ጨንጫ የደረሱትን አነጋግሯል፤ ሁሉም የሚያወሩት ስለ መውረዱ ብቻ ነው። ሴቻ ሲመለሱም «ጨንጫ ከነሳይክሌ ደርሼ መጣሁ» ይላሉ። መጫን የመረጠው እንኳ በዚህ አባባሉ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል አይገኝበትም፤ ሳይክሉም ጨንጫ ደርሷል፣ እሱም ደርሷል።

ስለዚህ የጥናቱ ብይን፣ ሳይክል ለጋሞ ደጋ ተስማሚ መጓጓዣ ነው፤ አይሱዙ እስካለ ድረስ። ጥናቱን በራሱ ሊያረጋግጥ የሚነሣ አንባቢ ግን አንድ ነገር አደራ እንለዋለን። ደጋው ጭጋግ አያጣም፣ ኩርባውም የሚታየው ከገቡበት በኋላ ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ሳይክሉን ለመካኒክ ያሳይ፣ ሁለቱንም የፍሬን ላስቲኮች ያስቀይር።