ሩቱ ደግሞ ሞላ

ይኸው የሊኑክሱ ሩት፣ ሲስተሙ የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል፣ ደግሞ ሞላ። የራሳችን ፋይሎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ በሆሙ ላይ፣ 300 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ተንጣሎ ተኝቷል፤ ሩቱ ግን 30 ጊጋባይት ብቻ ስለተመደበለት «ቦታ የለም» ብሎ ቁጭ አለ። «ሩትና ሆምን ለዩ፣ ሲስተሙ ቢበላሽ ፋይላችሁ ይተርፋል» ያሉን ሰዎች ልክ ነበሩ፤ «ለሩት 30 ይበቃል» ያሉንን ግን ዛሬ ከየት እናምጣቸው!

የሚያበሽቀው እኛ እዚያ ውስጥ ምንም አለማስቀመጣችን ነው። ፊልሙም ፎቶውም ሆም ላይ ነው። ሩቱን የሚሞላው ሲስተሙ ራሱ ነው፣ ያውም «ለእናንተው ብዬ» እያለ። ጆርናል የሚባለው መዝጋቢ ገደብ ካላበጁለት የክፍሉን 10 በመቶ፣ እስከ 4 ጊጋባይት ድረስ፣ በማስታወሻ ይሞላል። ከ30ው 3ቱ ማለት ነው፤ አብዛኞቻችን ከፍተን ለማናየው ማስታወሻ። ኤክስት4 የሚባለው የፋይል ሲስተም ደግሞ ገና ፎርማት ሲደረግ 5 በመቶውን ሩት ለሚባለው አስተዳዳሪ ተጠቃሚ ብሎ ይቆርጣል፤ አንድ ጊጋ ተኩል የሹም ድርሻ ሄደ። (ይህችን እንኳ አልረግማትም፤ ሁሉ ሲሞላ ገብተን እንድናጸዳ የምታስችለን እሷ ናት።)

ፕሮግራም የሚጭንልን አፕት-ጌትም ያወረደውን የዴብ ፋይል (የፕሮግራም ጥቅል) ሁሉ ካሽ ውስጥ ያከማቻል። «ሱዶ አፕት ክሊን» ብሎ መጥረግ ቀላል ነው፤ ግን በሞባይል ፓኬጅ፣ ሌሊት እያመሹ ያወረዱት ነገር በአንድ ትዕዛዝ ሲጠፋ ያንገበግባል። ነገ ደግሞ ኢንተርኔት የሌለው ጓደኛ ያንኑ ልቅዳ ብሎ ፍላሽ ይዞ ይመጣል።

ሌላው ፕሮግራም ጫኝ፣ ስናፕስ? እሱን ተዉት። የእያንዳንዱን ፕሮግራም የቀድሞ ቅጂ ያስቀምጣል፣ አዲሱ ቢበላሽ ለመመለስ። ከሁለት ቅጂ በታች አድርግልኝ ቢሉት እሺ አይልም። የቆዩትን ሁሉ ባንዴ የሚጠርግ ትዕዛዝ ስለሌለው ሁላችንም ያችኑ አጭር ስክሪፕት ከዚህም ከዚያም እየቀዳን እንለጥፋለን። ፕሮግራሙን ጭራሽ ላጥፋው ስንል ደግሞ «ምናልባት ቢጸጽታችሁ» ብሎ ዳታችንን ጠቅልሎ ለ31 ቀን ያስቀምጥልናል። የት? ሩት ላይ! ሆም ውስጥ የነበረውን ሳይቀር ወደ ሞላው ክፍል ይዞት ይመጣል። «ፐርጅ» የምትለውን ቃል አብረን ካልጻፍን ማጥፋታችን ራሱ ቦታ ይበላል። ኧረ በሕግ!

ለማጽዳትም ቦታ ያስፈልጋላ። ተርሚናል ከፍተን የፎልደር ስም ለማስጨረስ ታብ ስንጫን፣ ትዕዛዝ ተቀባዩ ባሽ የቆየ ከሆነ፣ «ጊዜያዊ ፋይል መፍጠር አልቻልኩም» ብሎ ይጮህብናል። ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጎ ኡቡንቱ የጫነ ሰውማ ማስነሻው ቡት ለብቻው ጠባብ ክፍል ስለሚሆንበት መከራው ድርብ ነው። የከርነሉ አፕዴት መሃል ላይ ቦታ አጥቶ ይቆማል። የድሮዎቹን ከርነሎች ላስወግድ ብሎ «አውቶሪሙቭ» ሲል አፕት «መጀመሪያ የተሰበረውን ጠግን» ይለዋል። ልጠግን ሲል ደግሞ፣ መቼም ገምታችሁታል፣ ቦታ የለም።

እሺ፣ በስንት ፍለጋ አንድ ያበጠ የሎግ ፋይል ተገኘ፣ 5 ጊጋ። ሰረዝነው፤ ቀሪውን ቦታ «ዲኤፍ» ብለን ብናይ ቁጥሩ ወይ ፍንክች! ፋይሉን የከፈተው ሰርቪስ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ስሙ ስለጠፋ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው «ዲዩ» አይቆጥረውም፣ «ዲኤፍ» ግን ይቆጥረዋል፤ ሁለቱ ትዕዛዞች ሲካሰሱ እኛ መሃል ቆመን እንሰማለን። ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ያንን እስክናስታውስ ግን ሌላ ሦስት ፋይል፣ ምናልባትም የሚያስፈልገንን፣ ሰርዘናል።

«ታዲያ ሩቱን ለምን አታሰፋውም?» የሚል አይጠፋም። ከሆሙ ቆርጦ መስጠት ማለት ነው። ሆሙ ኤክስት4 ከሆነ ሥራ ላይ እያለ አይጠብም፤ በላይቭ ፍላሽ ተነስቶ ጂፓርትድ የተባለውን የዲስክ መከፋፈያ መክፈት ያሻል። ሆሙ ከሩቱ ቀጥሎ ስለተቀመጠ መነሻው ሲገፋ ዳታው በሙሉ ተነቅሎ ይጓዛል፣ ሰዓታት የሚፈጅ ጉዞ፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን አታስቡት። ሆሙ ኤክስኤፍኤስ ከሆነማ ሲያሰፉት እንጂ ሲያጠቡት እሺ አይልም። በሁሉም መመሪያ ላይ ደግሞ አንደኛው ትዕዛዝ «መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ» ነው። ሆም ላይ ያለውን ሁሉ የሚይዝ ትርፍ ዲስክ ያለው ሰው ለሩቱ 30 ጊጋ ቆጥሮ ይሰጥ ነበር እንዴ?