ጉዳዩ፦ አረቢካ ስለተባለው ተጠርጣሪ የቀረበ ጥቆማ

ለሚመለከተው የጥርጣሬ ክፍል፤
ባላችሁበት።

እኔ አመልካች ቨርጂኒያ ነዋሪ የሆንኩ፣ ግብሬን በጊዜው የምከፍል፣ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ሳልታዘዝ ቀበቶዬን የምፈታ ሐበሻ ነኝ። ባለፈው ከፊቴ ተሰልፎ የነበረውን ሰው ለብቻው ገለል ስታደርጉት፣ ከኋላው ሆኜ «እኔ እንኳ አረብ አይደለሁም» ማለቴን በካሜራችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንዲያው እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

የዛሬው ጥቆማዬ ግን ከበድ ይላል። አረብን ከሩቅ በጺሙ የምትለዩ እናንተ፣ በየማለዳው ቢሮአችሁ ዘው የሚለውን አንድ ቀን እንኳ መታወቂያ አለመጠየቃችሁ ገርሞኛል። እሱ እንደሆነ አልተደበቀም። ስሙን ፓኬቱ ላይ በጉልህ አስጽፏል፦ አረቢካ።

ትውልዱ ከእኛው፣ ከከፋና ከአካባቢው ጫካ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመን ገባ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ያሉ ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ሲያነጉ አብሯቸው ሲያመሽ ታይቷል። ከሞካ ወደብ ተነሥቶም ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1753 ካርል ሊኔየስ የሚባለው ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ መታወቂያ ሲያወጣለት፣ አያት ቅድመ አያቱን ሳያጣራ በመጣበት በር ስም መዘገበው። አልፈርድበትም። መዝጋቢ ሁልጊዜ ይቸኩላል።

የኋላ ታሪኩም ንጹሕ አይደለም። በ1511 የመካው ሹም ኻይር በይ ከልክሎታል። በ1675 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ፣ ቡና ቤት የሚቀመጥ ሰው መንግሥት ያማል ብለው ቡና ቤቶቹ እንዲዘጉ አወጁ፤ ጩኸት ሲበዛባቸው በቀናት ውስጥ መልሰው አነሡት። የእኛም አባቶች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ «የእስላም ነው» እያለ የማይቀምሰው ክርስቲያን ብዙ ነበር። የእነዚያው የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ ዛሬ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ፈንዲሻ አቅርበው፣ «ባህላችን» እያሉ ለፈረንጅ የሚያስጎበኙት። ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» ብለው ሲያቀርቡ፣ ቃሉ የማን እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም። (እናቴም አለችበት፤ እሷን ተዉልኝ።)

ተጠርጣሪው መልኩን ይለዋውጣል። ዛፉ ላይ ቀይ ነው፣ ሲፈለፈል አረንጓዴ፣ ምጣድ ላይ ሲወጣ ጥቁር። ዘመዶቹማ ይብሳሉ። ጆርጅ ዳው የተባለ ሶርያዊ ክርስቲያን «ነጭ አይደለህም» ተብሎ የአሜሪካ ዜግነት ተከልክሎ ሲከራከር ቆይቶ፣ በ1915 የይግባኝ ፍርድ ቤት «ነጭ ነው» ብሎ ፈረደለት። ከዚያ ወዲህ አረብ በመንግሥት ቅጽ ላይ ነጭ ሆኖ ኖረ፤ የራሱ ሳጥን እንዲሰጠው የተወሰነው ገና በ2024 ነው። ቅጽ ላይ ነጭ፣ ፍተሻ ላይ ጠይም፣ ሲኒማ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ። ፕሮፌሰር ጃክ ሻሂን ከ900 በላይ ፊልሞች አገላብጠው በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሆሊውድ አረብን እንደ ሰው ያሳየባቸው ፊልሞች ጥቂት መሆናቸውን ጽፈዋል። እሳቸው የጻፉት ለወቀሳ ነው። እኔ ግን ይህን ያህል ፊልም ከመሰከረበት ሌላ ምን ምስክር ያሻል እላለሁ።

ያም ሆኖ በወሬ ብቻ እንዳልከስ ብዬ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ሊባኖሳዊት ናቸው፤ በእናቴ ዕድሜ። ግመል ፈለግሁ፣ የለም። ድንኳንም የለም። ግድግዳው ላይ መስቀልና የቅዱስ ማሮን ሥዕል ተሰቅሏል፤ አጠገቡ የተወለዱበት መንደር ፎቶ፣ በረዶው እስከ መስኮት ደርሶ። «በረሃውስ?» ብላቸው፣ ሊባኖስ በረሃ የላትም አሉኝ። ግመል በዓይናቸው ያዩት እዚሁ አሜሪካ፣ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ነው። እኔ ግን በዋዛ አልታለልም። በእኛ ዘንድ ቤይሩት የሄደችውም፣ ሪያድ የሄደችውም፣ ኩዌት የሄደችውም እህታችን «አረብ አገር ናት» ከተባለ ይበቃል። 22ቱን የአረብ ሊግ አባላት በአንድ ሻንጣ የምንከት ሰዎች፣ በትንሽ በረዶ ሐሳባችንን አንቀይርም።

ቡናቸውን በሄል አፍልተው ቀዱልኝ። ሁለቴ ፉት እንዳልኩ በሐዘኔታ አዩኝና፣ «ልጄ፣ አገራችሁ እንዴት ነው? ሰዉ አሁን የሚበላው አገኘ?» አሉኝ። ይባስ ብለው ጓዳ ገብተው ዳቦ በፌስታል ቋጥረው መጡ። ደሜ ፈላ! የስንት ሺህ ዘመን ሕዝብ በ77ቱ ድርቅ የቴሌቪዥን ምስል ይለካል? ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ሐረር ግንብ ቡናው እስኪቀዘቅዝ አስረዳኋቸው። ስለዚህ በጥቆማዬ ላይ ይህ ተጨማሪ ክስ ይያዝልኝ፦ ሰውን ሳያውቁ በጅምላ መፈረጅ። ዳቦውን ለማስረጃነት ወስጄዋለሁ፤ እንዳይበላሽ ግን በላሁት።

ይህን ሁሉ ለአንድ አዝማሪ ወዳጄ ባጫውተው፣ ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

ዕጣኑን አጭሶ፣ ረከቦት ዘርግቶ፣
ጠቆረ ይለዋል፣ ራሱ ቆልቶ ቆልቶ።

ጥሩ የቡና ግጥም ነው። ሸለምኩት።

ቡናው ከተያዘ በኋላ ወደ አሃዞቹ እንለፍ። 1፣ 2፣ 3 የሚባሉትን ማለቴ ነው፤ ትውልዳቸው ህንድ ሆኖ ሳለ እነሱም «አረብ» ተብለው ነው አውሮፓ የገቡት። በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር ከሂሳብ መዝገብ አግዷቸው ነበር፤ የሚያሳዝነው አልገፋበትም። የስልክ ቁጥሬን ከዚህ በታች ያላሰፈርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። በየትኛው አሃዝ እንደምጽፈው መመሪያ እስክትልኩልኝ ድረስ፣ ከፈለጋችሁኝ ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርተውኛል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አመልካች