የሴኔቱ እድር

የሰፈራችን የእድር ዳኛ ቢሰሙ ይቀናሉ። ዋሽንግተን፣ ካፒቶል የሚባለው ጉብታ ላይ አንድ እድር አለ፤ ወርኃዊ መዋጮ የለው፣ ቀሪ የሚቀጣ የለው፣ ድንኳን አያስተክል። ሴናተር ሲሞት ጠረጴዛው ጥቁር ይለብሳል፣ አበባ ይቀመጥበታል፣ ባንዲራ ዝቅ ይላል፤ ትናንት ሲያብጠለጥሉት የከረሙት ዛሬ ተራ ገብተው ያሞግሱታል። አልቃሽ መቅጠር አያሻም፣ ሁሉም ደመወዝተኛ ነው። ከዚያ በልማድ፣ ቀጥሎ በሚወጣው የበጀት ሕግ ውስጥ፣ ለቤተሰቡ የአንድ ዓመት ደመወዝ ይጻፍለታል፦ 174,000 ዶላር። ከፋዩ ለቅሶው ያልተነገረው ግብር ከፋይ ነው።

እድሩ ያማረበት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የኒው ጀርዚው ፍራንክ ላውተንበርግ ጁን 3 በ89 ዓመታቸው አረፉ። ነፍስ ይማር፤ በሙት አልመጣም። ከሴኔቱ ባለጸጎች አንዱ ነበሩ፤ ሀብታቸውም የመጣው፣ ግጥምጥሞሹን እዩልኝ፣ የሰውን ደመወዝ እያሰላ ከሚከፍል ኩባንያ ነው።

ኦክቶበር 1 ምክር ቤቱ በጀት ላይ መስማማት አቅቶት መንግሥት ተዘጋ። ወደ 800,000 ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ቤቱ ገባ። ጦር ሜዳ ለወደቀ ወታደር ቤተሰብ የሚሰጠው 100,000 ዶላር እንኳ «በጀት የለም» ተብሎ ቆመ። አገር ሲጮህ፣ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት «እኔ ልሸፍነው» ሲል ነው ሕግ ለማውጣት የተሯሯጡት።

ኦክቶበር 16 ታረቁ። መንግሥትን የከፈተው ሕግ ውስጥ የሴናተሩ ባለቤት 174,000 ዶላርም ተካትቷል። ሐቅ አይካድም፣ የሠራተኞቹ ውዝፍም እዚያው ተፈቅዷል። ወታደርና ሴናተር ሲሞቱ ያላቸው ልዩነት እንግዲህ 74,000 ዶላር ነው፤ የንግግር አበል ይሆናል።

በዚያው ረቡዕ ኒው ጀርዚ የሟቹን ወንበር ለመሙላት ድምፅ ትሰጥ ነበር። የያኔው አገረ ገዢ ክሪስ ክሪስቲ የሚወዳደሩበት ምርጫ ኖቬምበር 5 ነበር፤ በአንድ ቀን ይደረግ ቢባሉ እምቢ አሉ። ወንበሩ ላይ ጊዜያዊ ተሿሚ አስቀምጠው እንኳ ሃያ ቀን መታገስ ለሐዘናቸው ከበዳቸው፤ ለብቻው ምርጫ ሚሊዮኖች ወጡ። ንፍሮውን ማን እንደቀቀለ ግን መዝገቡ አይናገርም።