ስለ ከርነል መውጫ በር የወጣ አዋጅ

የሥርዓት ጥሪ ማለት ተራ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈትም ሆነ ሜሞሪ ለመጠየቅ ለከርነል፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሀብት ሁሉ ለሚያስተዳድረው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ የሚያቀርበው አቤቱታ በመሆኑ፤ ባለጉዳዩ ሲገባ ኪሱ ድረስ እየተበረበረ ሲወጣ ግን «በሰላም ግባ» ብቻ እየተባለ ሲሸኝ በመኖሩ፤ በዚህም ቸልታ ፍሪቢኤስዲ፣ ዜን እና ዊንዶውስ 7 የተባሉት ሲስተሞች ለአንድ ዓይነት ቀዳዳ ተጋልጠው መገኘታቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ በመውጣቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ሲስሬት የተባለው ፈጣን የመውጫ ትእዛዝ የመመለሻውን አድራሻ አር ሲ ኤክስ ከተባለው ሬጅስተር፣ ይኸውም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ጠባብ የቁጥር ማስቀመጫ፣ አንብቦ ባለጉዳዩን ወደ መጣበት ያሰናብታል። በ48 ቢት አሠራር አድራሻው ሕጋዊ የሚሆነው ከ64ቱ ቢቶች የላይኞቹ 16ቱ ከበታቻቸው ካለው ቢት ጋር አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን ያላሟላ አድራሻ ሲቀርብ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለጉዳዩን ካስወጣ በኋላ የሚከሰው ሲሆን፣ የኢንቴሉ ግን ክሱን የሚመሠርተው የከርነል ሥልጣን ሳይገፈፍ ነው፤ ከርነሉ በዚያች ቅጽበት የስታክ ጠቋሚውን፣ ማለትም የጊዜያዊ መዝገቡን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለባለጉዳዩ መልሶ ስላስረከበ፣ የክሱ መዝገብ የሚጻፈው ተከሳሹ በመረጠው ቦታ በዳኛው ብዕር ይሆናል። ኢንቴል አሠራሩ በመመሪያው በግልጽ ተጽፏል ሲል መልሷል፤ እውነቱን ነው፣ መመሪያ ግን ማን ያነባል?

አንቀጽ 2፦ ስለሆነም ማንኛውም ከርነል ሲስሬትን ከመጠቀሙ በፊት አድራሻውን እንዲመረምር፣ ያጠራጠረውንም አይሬት በተባለው፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ስህተት ሲገጥመው የከርነሉን ስታክ ገና ባልለቀቀ ትእዛዝ እንዲያሰናብት ተደንግጓል።

አንቀጽ 3፦ በሊኑክስ ግዛት «ጥሪው እንደገና ይጀመር» ማለት የሆነው 512 የተባለው የውስጥ ቁጥር በምንም ምክንያት በሩን አልፎ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ጥሪው ወይ በእርግጥ እንደገና ይጀመራል፣ ወይም ባለጉዳዩ መቋረጡን የሚገልጸውን 4 ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ «ነገ ተመለስ» የሚባለው መልስ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ብቻ ተፈቅዶ ይቆያል።

አንቀጽ 4፦ ይህ አዋጅ ማሽኑ ሪስታርት ከተደረገበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ለዓመታት ሳይጠፋ በመሥራቱ ባለቤቱ የሚኮራበት ሰርቨር ግን በቀድሞው ሕግ ይተዳደራል።