የከፈይ ውዳሴ

ከፈይን ያመሰገነ ጸሐፊ አላየሁም፤ እኔ ላመስግነው። በፈረንጆቹ 1952 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ የተባሉ ባልና ሚስት ባሳተሙት ጥናት ከባዱን ሸክም የተሸከመው እሱ ነው። ንጹሕ ከፈይ በክብ ማተሚያ ላይ ይወጠራል፤ ባክቴሪያ የበቀለበት ሳህን ይጫንበታል። ፀጉሩ ከየኮሎኒው ቅንጣት ያህል ይዞ ይቀራል። ከዚያ መድኃኒት ያለበት ሌላ ሳህን ሲያርፍበት፣ ሁሉንም በየነበረበት ስፍራ ያስቀምጣል፤ አንዱን አይረሳ፣ አንዱን ካንዱ አያምታታ።

በዚህ ዘዴ ትልቅ ክርክር ተቋጨ። ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ሳያዩትም ነበሩ፤ መድኃኒቱ አጋለጣቸው እንጂ አልፈጠራቸውም። መኖር ሌላ፣ መታየት ሌላ።

ከፈዩስ? ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ለነገ ይታጠፋል። ስሙን የጠየቀ የለም። ጨዋ ከፈይ እንዲህ ነው፤ ኮሽታ የለው፣ የተሸከመው ሁሉ ለሌላ ሳህን ነው።

ወይዘሮ አስቴር ዶክትሬታቸውን የያዙት በ1950 ነው። ዶክተር ብንላቸው በቤታቸው ሁለት ዶክተር ሊሆን ነው፤ ሰው እንዳይምታታበት ወይዘሮ ይበቃቸዋል። እኚህ ወይዘሮ ኬ-12 የሚባለውን ባክቴሪያ ሲመረምሩ፣ ውስጡ የተሸሸገ ቫይረስ አገኙ፤ ላምዳ ተባለ። ኬ-12 ከሕመምተኛ የተወሰደው በ1922 ነው፤ እሳቸውም የተወለዱት በዚያው ዓመት ነው። ላምዳ በባክቴሪያው ዘር ውስጥ ተሰክቶ፣ ቤቱ ሲባዛ አብሮ እየተባዛ፣ ቀን ሲጨልም ብቻ ቤቱን አፍርሶ የሚወጣ ነው። ሊቃውንቱ ለዓመታት ሲሠሩበት አላዩትም። አይፈረድባቸውም፤ በቤት ውስጥ ያለን ማን ያያል?

በ1958 የኖቤል ሽልማት ወጣ። ግማሹ ለጆሹዋ፣ ግማሹ ለሳይንቲስቶቹ ለቢድልና ለቴተም። ጆሹዋ አይገባቸውም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም፤ ባክቴሪያዎች ዘር እንደሚለዋወጡ ከቴተም ጋር ያሳዩት በ1946 ነው። ለአስቴርስ? ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? አንድ ለሆኑ ሰዎች ሁለት ሜዳልያ መስጠት ማባከን ነው። ቁጠባው ደግ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ መቆጠቡ እንጂ።

ግኝቱን ሲያሳዩኝ ጠየቅሁ ስለ ሴቲት፤
ማን ናት ብል መለሱ፣ የሱ ባለቤት ናት።

መልሱን የሰጡት ሰዎች አልዋሹም፤ የተናገሩትን ቢሰሙት ግን ይደነግጡ ነበር።

ባልና ሚስቱ በ1959 ወደ ስታንፎርድ ሄዱ። ጆሹዋ የአዲሱ የጄኔቲክስ ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ እሷማ ቤተ ሙከራ ታውቅ የለ፣ ቤተ ሙከራ ገባች። (አንቱታው እንዴት እንደወደቀ አላስተዋልኩም፤ መንገድ ላይ ሳይወድቅ አልቀረም።) በ1966 ተፋቱ። ወይዘሮ አስቴር ከ1976 እስከ 1986 ፕላስሚድ የሚባሉት የባክቴሪያ ጥቃቅን የዘር ቀለበቶች የሚመዘገቡበትን ማዕከል መሩ፤ ለጥቃቅኖቹ ሁሉ መለያ ይሰጡ ነበር፣ ማንም ያለ ስም እንዳይቀር። ለዚህ ሥራ ከእሳቸው የተሻለ ልምድ ያለው አይገኝም ነበር።

በ2006 አረፉ። ላምዳ ግን ዛሬም ሞለኪዩላዊ ባዮሎጂ በሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ አለ፤ በ1951 ግኝቱን ባስታወቁበት አጭር ጽሑፍ ላይ የሰፈረው ስም አንድ ብቻ ነው፦ አስቴር ሌደርበርግ።