የቦራ ትንፋሽ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በድሮ ዘመን በይፋት ቆላ፣ ከጣርማበር ቁልቁል ተወርዶ ሮቢ ወንዝ በሚፈስበት አገር፣ እንስሳት ሁሉ ሕመማቸውን ለየብቻቸው ይታመሙ ነበር። ፍየል አንዷን ግልገሏን ወባ ሲይዛት ሌላዋን ሸጣ ታሳክማለች። አህያ ጀርባዋ ሲገጠብ የምትከፍለው ስለሌላት ቁስሏን ለዝንብ ትታ ትጫናለች። ግመል ከአፋር በረሃ አሞሌ ጭኖ ሲመጣ እግሩ ከተሰበረ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። የታመመ ሁለት ጊዜ ይጎዳ ነበር፤ አንዴ በሕመሙ፣ አንዴ በዕዳው።

አንድ ዓመት መኸሩ ያዘ። ግሪሳ ወፍም ሳይመጣ ቀረ። ማሽላው ተወቅቶ ሲያልቅ እማማ ኤሊ ሁሉንም ወንዝ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰበቻቸው። ግመል ዱዓ አደረገ፤ በግ አባታችን ሆይን ደገመች፤ ሁሉም አሜን አሉ።

“ልጆቼ፣” አለች ኤሊ፣ “ሕመም ወር አይመርጥም፤ እህል ግን ወር አለው። እህል ባለን ወር ለሕመማችን ቀን እናስቀምጥ።”

ተስማሙ። እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ አንድ አንድ ቁና ማሽላ ወደ ጋራ ጉድጓድ ሊያፈስ፣ የታመመ ሲመጣም ለመድኃኒት አዋቂው ለጃርት ከዚያ ሊከፈል ቃል ተገባ። አህያ አንገቷን ደፋች፤ ቁና ማሽላ ከየት ታመጣለች? “የእሷን እኛ እንሰፍርላታለን” አሉ የቀሩት። ጉንዳን ቆጣሪ ሆና ተሾመች።

ኤሊ ሕጉን በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ጻፈች። በአንደኛው ጉድጓዱ የሚከፍለው ሰፈረ፤ ወባ፣ ቁስል፣ ስብራት፣ ምጥ፣ የስኳር በሽታ። በሁለተኛው የማይከፍለው ሰፈረ፤ ቀንድ ማሳመር፣ ጎፈር ማበጠር፣ ገላ ማስዋብ። “ውበት በየራስ ኪስ” ተባብለው ተለያዩ።

በዚያ አገር ቦራ የሚባል በሬ ነበር። በወጣትነቱ የቀወትን መረሬ ከጥማድ ጓደኛው ጋር ያረሰ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ቀንበር ያልከበደው በሬ ነው። ኋላ የብረት በሬ መጣና ቀንበሩ ከጫንቃው ወረደ። የሚግጥበት መስክም ታርሶ ማሾና ሽንኩርት ተዘራበት። ለቦራ የቀረው በረት ውስጥ ቆሞ ፋጉሎ መብላት ነበር። ፋጉሎ በቅርብ ይገኛል፤ ያጠግባል፤ ያወፍራል።

እሑድ እሑድ የደጋውና የቆላው በሚገናኝበት በሰንበቴ ገበያ ቦራ ሲያልፍ ሁሉም ዳሌውን መታ መታ ያደርገው ነበር። “ማሻአላህ! እንዴት ተመችቶታል!” ይላል አንዱ። “አምሮበታል! ጮማ በጮማ ሆኗል!” ይላል ሌላው። ድርቅን የሚያውቅ አገር የሞላ ገላ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ውፍረት የጥጋብ ምስክር ነውና።

ሌሊቱን የምታውቀው ጀርባው ላይ የምታድረው መዥገር ለቃሚ ወፍ ብቻ ነበረች። ቦራ ሊነሣ ሲል በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ የኋላውን ያነሣና እዚያው ላይ ይቀራል። ወፏ ትቆጥራለች፤ ሃያ ጊዜ ሳይተነፍስ የፊት እግሩን መዘርጋት አይሆንለትም። ተኝቶም ሳለ ትንፋሹ ድንገት ቀጥ ይላል። ያኔ ወፏ ደንግጣ አንገቱን በመንቆሯ ትጠቀጥቀዋለች፤ እሱም ከውኃ እንደወጣ ሁሉ ተንደፍድፎ ይተነፍሳል። ጠዋት ገበያው “አምሮበታል” ይላል።

አንድ ቀን ግመል ከኮርቻው ሥር አንዲት ጥቁርና ብርቱካንማ ዝንጉርጉር እንሽላሊት ይዞ ከሩቅ መጣ። “እኔ ከባሕር ማዶ በረሃ ነኝ፤” አለች። “በዓመት ጥቂት ጊዜ በልቼ እከርማለሁ። ምራቄን የቀመሰ ረሃቡ ጋብ ይልለታል፤ የስኳር በሽታውም ይረግብለታል።” ጃርት በስኳር በሽታ ለሚሠቃየው ለከርከሮ ሰጥቶ ሞከረው፤ ከርከሮም አገገመ።

“ዋጋው ስንት ነው?” አለች ጉንዳን።

“በዓመት አርባ ቁና።”

“አንድ ዓመት ወስዶ ቢያቆምስ?”

“የቀነሰው አብዛኛው ይመለሳል። በየዓመቱ ነው።”

ወሬው አገር አዳረሰ። እሜቴ ጦጢት ለልጇ ሠርግ ወገቧ እንዲቀጥንላት ገዛች፤ ያላቸው ሁሉ ተከተሏት። የከርከሮ ተራ ሲደርስ የመድኃኒቱ ማሰሮ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ቦራ ወደ ዋርካው ሲመጣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፈ። “እማማ ኤሊ፣ ቁናዬን አጓድዬ አላውቅም። ትንፋሽ አጥሮኛል። ጉድጓዱ ይክፈልልኝ” አለ።

ጉንዳን ሁለተኛውን ድንጋይ አየችና “ገላ ማስዋብ አይከፈልም ይላል” አለች።

“ማማሩንማ ገበያው በየሳምንቱ ይነግረኛል፤” አለ ቦራ። “እኔ የመጣሁት መተንፈስ አቅቶኝ ነው።”

አያ ጅቦ ብድግ አለ። “በልቶ ነው! ሆዱ ያመጣበትን ሆዱ ይክፈል!”

እትዬ ፍየል ግን እንባዋ ቀደማት። “እኔ ቦራን ጠልቼው አይደለም። ባለፈው መስከረም ልጄን ወባ ሲይዛት፣ ቁናዬን ከፍዬ ሳለሁ፣ ‘መድኃኒቱ አልቋል፤ ከገበያ ግዢ’ ተባልኩ። ያለኝን ሸጬ ገዛሁ። አሁን ለአንድ ገላ አርባ ቁና ከወጣ የኔ ልጅ ተራዋ ስንተኛ ሊሆን ነው?”

ዋርካው ሥር ዝም ተባለ። ጉንዳን ቆጥራ ስትጨርስ፣ “እውነቷን ነው፤” አለች። “ጉድጓዱን የምንሞላው ታኅሣሥ ነው። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ለወፈረ ሁሉ አርባ አርባ ከሰፈርኩ ፋሲካ ሳይደርስ የጉድጓዱ ወለል ይታያል።”

ኤሊ ወደ ጅብ ዞረች። “አያ ጅቦ፣ ያኔ እግርህ ሲሰበር ማን ከፈለልህ?”

“ጉድጓዱ።”

“የት ሄደህ ነበር የተሰበርከው?”

ጅብ መሬት መሬት አየ። ከሰው በረት ዘሎ ሲወጣ ነበርና።

“ጉድጓዱ ስብራትህን አየ እንጂ የሄድክበትን አልጠየቀህም፤” አለች ኤሊ። “ቦራን ደግሞ መስኩን አርሰን በረት የዘጋንበት፣ ፋጉሎ ያቀረብንለት እኛው ነን።” ከዚያ ወደ ፍየል ዞረች። “እትዬ፣ ለአንቺ ጥያቄ መልስ የለኝም። ዛሬም አልፈርድም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ዛሬ ሌሊት ከቦራ በረት እደሪ።”

ፍየል አደረች። እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሹ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም፤ ጸጥታው ሲረዝምባት ተነሥታ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ልጇ በወባ በተንቀጠቀጠችባት ሌሊት ልክ እንዲህ ጆሮዋን ለጥፋ አድራ ነበር። ወፏ አንገቱን ነቆረችው፤ ቦራ ተንደፍድፎ ተነፈሰ። እስኪነጋ ድረስ ሁለቱም፣ ፍየልም ወፏም፣ አልተኙም።

ጠዋት ፍየል ዋርካው ሥር ደረሰች። “እማማ ኤሊ፣ ከልጄ ድርሻ አንዲት ፍሬ እንዳትነኩ። የቦራ ግን በሽታ ነው። በበሽታው ድንጋይ ላይ ጻፊው።”

“ብንጽፈውስ በምን እንከፍለዋለን?” አለች ጉንዳን።

“ያልተጻፈ ሕመም ዋጋ የሚከራከርለት የለውም፤” አለች ኤሊ። “መጀመሪያ ይጻፍ።”

ያን ቀን በአንደኛው ድንጋይ መጨረሻ ላይ “ትንፋሽ የሚነሳ ውፍረት” ተብሎ ተጻፈ። ለሠርግ የሚቀጥን ወገብ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ቀረ። የወባውና የምጡ ድርሻ ለብቻው በጋን ተለይቶ ታሸገ። ከተረፈው መጀመሪያ ለከርከሮ፣ ቀጥሎም ሕመማቸው ለባሰባቸው እንዲሰፈር ተባለ። ከወንዙ እስከ በረቱ አንድ ጥማድ መሬት ሳይታረስ ለሣርና ለመሄጃ ተተወ። ግመልም የአንድ በሬ ጉዳይ ሳይሆን ከጀውሃ እስከ አንኮበር ያሉ መንደሮችን ሁሉ ቃል ይዞ ከእንሽላሊቷ ጋር ሊከራከር ተላከ።

በመጀመሪያው ዓመት ለቦራ አልደረሰውም። በየማለዳው ፍየል እየቀደመች እሱ እየተከተለ በሣሩ መንገድ ሮቢ ወንዝ ወርደው ይመለሳሉ። እንሽላሊቷ አርባውን ሠላሳ አለች፤ አሁንም ውድ ነው፤ ግመልም አሁንም ይመላለሳል። ወፏ በሌሊት ትቆጥራለች፤ ሃያ የነበረው ወደ አሥራ አራት ወርዷል።

ተረቱ እዚህ ያበቃል፤ እንሽላሊቷ ግን እውነተኛ ናት። ጊላ ሞንስተር ትባላለች፤ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ሜክሲኮ በረሃ ትኖራለች። ጆን ኢንግ የተባሉ ሐኪም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በመርዟ ውስጥ ኤክሰንዲን-4 የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ፤ ከእሱ የመነጨው ኤክሰናታይድ በ2005 እ.ኤ.አ. ለስኳር ሕሙማን ተፈቀደ። ዛሬ ኦዜምፒክና ዌጎቪ ተብሎ የሚሸጠው ሴማግሉታይድም የዚሁ መድኃኒት ዘመድ ነው። በአንድ ትልቅ ሙከራ በሳምንት አንዴ የተወጉት ከክብደታቸው በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀነሱ፤ መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰባቸው።

ሁለቱ ድንጋዮችም እውነተኛ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር ለክብደት መቀነሻ መድኃኒት እንዳይከፍል አገደ፤ ያው መድኃኒት ለስኳር በሽታ ሲታዘዝ ግን ይከፈልለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ሴማግሉታይድንና ዘመዶቹን፣ ከስኳር በሽታ ጋር የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው፣ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ጻፈ። ኤሊ ያደረገችውም ይህን የመሰለ ነው፤ መጻፉ ይቀድማል፣ የዋጋ ክርክሩ ይከተላል።

የጋራው ጉድጓድ ደግሞ የራሳችን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ተጀመረ፤ ከአማራ ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ገበሬው እህሉ ሲገባ ይከፍላል፤ መክፈል ላቃተው መንግሥት ይከፍልለታል፤ ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም። ይፋት የወባ አገር ነው፤ የፍየሏ ልጅ ተራ ዛሬም መጀመሪያ ነው፣ ነገም መጀመሪያ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ፋጉሎው ወደ ከተሞቻችን ገብቷል፣ መስኩም ታርሷል። ሰው ሲወፍር “ተመችቶታል” የምንል እኛ፣ ትንፋሹ ሲያጥር “በልቶ ነው” የምንልም እኛው ነን። ሁለቱም ቃላት ሌሊቱን አላዩም። አቅማችን ለመድኃኒቱ እስኪደርስ ድረስ ሕመሙን በሕመም ድንጋይ ላይ እንጻፈው፤ የተጻፈውን ይዘንም አንድ ላይ እንከራከርለት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ።